የቆለፍከውን ክፈት

ዘኪያና ፈሀድ የተዋወቁት በጠብ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ሜክሲኮ የምትሠራበት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመባት።

«እንጀራዬን የምትዘጊው አንቺ ነሽ?»

እሱ የሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሸጠ ነው የሚኖረው። እሷ ደግሞ ያንኑ የሚሠራ፣ ያውም በአማርኛ፣ ጽፋ ለፈለገ ሁሉ ከነኮዱ፣ ማለትም ከውስጡ ከተጻፈው ትእዛዝ ጋር፣ በነጻ ታድላለች።

«በነጻ ከሰጠሽ የኔን ማን ይገዛል?»

«እኔም የሠራሁት የማላውቃቸው ሰዎች በነጻ ከሰጡት ላይ ተነስቼ ነው። አንተም ውሰድ፤ ከፈለግህ ሽጠው። የጻፉትን ሰዎች ስም አታጥፋ፣ ኮዱንም አትደብቅ። ውሉ ይኸው ነው።»

ሊጣላ የመጣው ሰውዬ ሻይ ጋብዟት፣ ፕሮግራሙን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላማ እየተከራከሩ ተዋደዱ፤ የሽማግሌውም ቀን ተቆረጠ።

ሽማግሌው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ዘኪያ ሰንጋ ተራ የሰላሃዲን መለዋወጫ ሱቅ ገባች። ኮምፒውተሩ ላይ የገዛ ፕሮግራሟ ተከፍቷል። ስሟ የለም። በምትኩ «የፈሀድ ንብረት፤ መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። ኮዱን ልታይ ብትሞክር ተቆልፏል። ደሟ ፈላ።

ፈሀድን ልደታ ማርያም አጠገብ አገኘችው። ሰው አየኝ አላየኝ አላለችም።

«ዓይንህ አያፍርም?»

«ዘኪያ፣ ቆይ ስሚኝ...»

«መሸጥህ አይደለም የከፋኝ። ሽጥ ብዬሃለሁ። ስንት ሰው የደከመበትን፣ ስሜን ፍቀህ ቆለፍከው!»

«አባትሽ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቼን ‹ልጁ ምን አለው?› ይሏቸዋል። ምን ይበሉ? ለማንም የሚታደል ነገር አለው ይበሉ?»

ዘኪያ ስግብግብነት መስሏት ነበር። ለካ ለእሷ ብሎ ነው። ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት።

«እኔን ለማግባት እኔኑ ሰረቅከኝ?»

ዘኪያ ልትሄድ ዞር አለችና ተመለሰች።

«ወይ የቆለፍከውን ክፈት፣ ወይ ሽማግሌዎችህን አስቀር።»

ቤቷ ገብታ አለቀሰች። እጄ አመድ አፋሽ ነው እያለች ራሷን ረገመች። ባትወደው ኖሮ እንዲህ ባልተናደደች።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ፈሀድም አብሯቸው መጣ። ጠያቂው ልጅ አብሮ መምጣቱ ነውር ነው፤ እሱ ግን ነውሩን ችሎ ገባ። ዘኪያ ጓዳ ሆና ድምፁን ሰማች።

«ጋሼ አብዱልመናን፣ ሽማግሌዎቼ ፕሮግራም አለው ብለው ነግረውዎታል። የልጅዎ ነው። ስሟን አጥፍቼ ቆልፌው ነበር። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ከፍቼዋለሁ፣ ስሟንም መልሼዋለሁ።»

አባቷ ተቆጡ። «ታዲያ አሁን ምን አለህ?»

«ፕሮግራሙ ሲበላሽ የሚጠሩኝ ሱቆች አሉኝ። ለድካሜ ይከፍሉኛል። ግማሾቹ እውነቱን ሲሰሙ ትተውኛል።»

«የልጄን ላብ የኔ ነው ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

ዘኪያ ጓዳ መቀመጥ አቃታት። ፊቷ እንደተኮሳተረ ወጣች።

«አባ፣ የሰረቀው የኔን ነው። ይቅር የምለውም እኔ ነኝ።»

«ይቅር አልሽው?»

«ገና ነኝ» አለች ፈሀድን ሳታየው። «ግን አገባዋለሁ። የቀረኝን ቁጣ ቤታችን ገብቼ እጨርሰዋለሁ።»

ፈሀድ አንገቱን እንደደፋ እንባው ወረደ። «እንግዲህ ይቅር ባይዋ አንቺ ከሆንሽ፣ እኔ ምን እላለሁ?» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣

«በሉ ዱዓ አድርጉ» አሏቸው።