ደም የነካው ማይክሮፎን

ጎርፉ በቅሎዋን ሲገለብጣት ሐረገ ወይን የያዘችው ልጓሙን ሳይሆን የመቅረጫ ሣጥኗን ነበር። «ልቀቂው! ነፍስሽ ትበልጣለች!» ብለው መሪጌታ አስማረ ከማዶ ጮኹ። አልለቀቀችም። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እያላተመ ጉልበቷን ላጠው፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን ዘርግተው ጎትተው አወጧት። በቅሎዋ ግን ቀረች፤ ምስኪን፣ ከተነሡበት ከወገዳ ጀምሮ አንዴም አልለገመችም ነበር።

የሚሄዱት ወደ ቤተ ልሔም፣ ወደ ድጓ ጉባኤ ቤቱ ነው። የመሪጌታ መምህር የኔታ እንድርያስ ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው እየከሰመ ነው። ሐረገ ወይን ሳትቀርጸው ከተዘጋ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት የድጓ ዜማ ከእሳቸው ጋር መቃብር ይወርዳል።

መሪጌታ ሣጥኑ ውስጥ አዩ። «ሁለት ማይክሮፎን ምን ያደርግልሻል?»

«ረጅሙ ኮንደንሰር ነው፤ ባትሪ ይፈልጋል። ውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ትንፋሽ እንኳ ያርገበግበዋል። ፊቱን ያዞሩበትን ከሩቅ ይሰማል፤ ጀርባው ግን ደንቆሮ ነው። አጭሩ ዳይናሚክ ነው፤ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ። ባትሪ አይሻም፣ ቢወድቅም አይሞትም፤ ካልተጠጉት ግን አይሰማም።»

«እህ! አንዱ ጆሮ ጠቢ፣ ሌላው እንደ እኔ ጆሮው የከበደ።»

ገደሉ ላይ ሽፍታ አለ ተብሏል። ሐረገ ወይን ሣጥኑን በትከሻዋ አንግታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ረጅሙን ወደ ፊት ቀሰረች። ቅጠል፣ ዝንብ፣ ከዚያ ቀጭ! ጠመንጃ ሲቀባበል።

«ከፊት ሰው አለ!»

ወደ ቁጥቋጦው ዘለሉ። ቀድማ በመስማቷ ስትኮራ ራሷ የተናገረችውን ረሳችው። ከኋላ የመጣ ዱላ የመሪጌታን ክንድ ሰብሮ ጣላቸው። ባለዱላው «መሣሪያ ይዛለች!» እያለ ረጅሙን ማይክሮፎን ነጠቀና ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ከዚያ አንገቷን አነቀ። ዓይኗ ሲጨልም እጇ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ዳይናሚኩን ጨብጣ ጆሮ ግንዱን አለችው። አልለቀቃትም። ደገመችው፤ አጥንት ሲሰበር ሰማች፣ ደሙም ፊቷ ላይ ተረጨ።

ባለጠመንጃው እየሮጠ ደርሶ ተኮሰ። ጥይቱ የመሪጌታን ጋቢ በሳው። እሳቸው በወደቁበት መቋሚያቸውን በእግሮቹ መሀል ሰኩበት፤ ከነጠመንጃው ቁልቁል ተንከባለለ።

በማይክሮፎን የተመታው አልተነሣም። ልታየው ስትመለስ መሪጌታ «ሩጪ!» አሏት።

ቤተ ልሔም ሲደርሱ የኔታ መደብ ላይ ተደግፈው ነበር። ማይክሮፎኑን ስታቀርብላቸው አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። በነጠላዋ ብትጠርገውም የተጨረማመተው ወንፊቱ ደሙን ይዞታል።

«ይሄ ብረት ደም ደም ይላል። የማን ነው?»

«የሰው ነው፣ የኔታ። እኔ ነኝ የመታሁት።»

«ሞተ?»

«አላውቅም።»

ፊታቸውን አዞሩ። «ደም ባለበት ውዳሴ አላደርስም።»

ይህን ሁሉ መጥታ! ክንዳቸውን በጨርቅ ያሰሩት መሪጌታ ግን ወደ መምህራቸው ጠጋ አሉ። «የኔታ፣ ዳዊትም ደም አፍስሰሃልና ቤተ መቅደስ አትሠራም ተብሏል። መዝሙሩን ግን ማን ከለከለው? ስንደግመው አይደል የምናድረው?»

የኔታ ሳቃቸው በሳል ወጣ። «ያስተማርኩህን በእኔው ላይ!» አሉና ወደ ሐረገ ወይን ዞሩ። «አቅርቢው። የሰውየውን ስም ታውቂያለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል። እንግዲያ ከድጓው በፊት ለእሱ።»

ከንፈራቸው ሥር አስጠጋችው። ማዳመጫው ውስጥ ድምፃቸው ሰለል ብሎ፣ ግን ሳይሰበር መጣ፦ «እግዚኦ ተሣሃለነ።»

ሐረገ ወይን ስትቀርጽ ትንፍሽ አትልም፤ የሙያዋ ሕግ ነው። ያን ዕለት ግን «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብላ መለሰች። ድምጿ ቅጂው ውስጥ አለ፤ አልቆረጠችውም።