በዶን ታውሪኖ ቤት ዝም ያልኩባቸው ሦስት እሑዶች

መጀመሪያ ያየኋት ስትዋሽ ነው።

እሑድ እሑድ እኛ የአገሩ ሰዎች ሞንቴ አልባን የሚባለውን ጥንታዊ ፍርስራሽ በነፃ እንገባለን። ያኔ የሕግ ተማሪ ነበርኩ፤ በየሳምንቱ ከዋሃካ ከተማ በእግሬ እወጣ ነበር። አያቶቻችን የተራራውን አናት ጠርበው ሜዳ ያደረጉበት፣ ቤተ መቅደስ የደረደሩበት ቦታ ነው። አስጎብኚዎች «የጠፋ ሕዝብ» ሲሉን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። የት ጠፋን? እዚያው አጠገባቸው ቆመን እየሰማናቸው!

ኤውላሊያ ከቤተ መቅደሱ ደረጃ ሥር ቆማለች። ከሻርፗ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ የሸክላ ፊት አውጥታ ለአንድ ፈረንጅ ታሳያለች።

«ከአባቴ የበቆሎ ማሳ የወጣ ነው ጌታዬ። ሺህ ዓመት ያልፈዋል።»

አላስቻለኝም። «ማክሰኞ ከምድጃ የወጣ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰውዬው ትቷት ሄደ። እሷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሰኞ ነው» አለች። «ማክሰኞማ እንዲያረጅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነው የዋለው።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ገበያዬን ዘግተህ ትስቃለህ? በል ቅርጫቱን ያዝ። እስከ ቤቴ ትሸከማለህ።»

ተሸከምኩ። በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሽያጭ ሲያልቅ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በርበሬ የተነሰነሰበት ማንጎ እንበላለን። እኔ ስለ ሕግ፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ ሌቦች እደነፋለሁ።

«ኡባልዶ፣ አንተ ዝም ብለህ ታውቃለህ?»

«ስተኛ።»

«እሱንም አላምንም...»

እንዲህ አምስት ወር አለፈ። አንድ ዝናባማ እሑድ ምንም ሳትሸጥ ቆይታ፣ ከጉያዋ አንድ ጥቅል አወጣች። እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ አፍንጫው ያለቀ ትንሽ የሸክላ ሰውዬ ነበር።

«ይኼን እየው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከማሳችን የወጣ ነው።»

«ለእኔም ልትሸጪው ነው?» ብዬ ሳቅኩ። «ይኼስ የሰኞ ነው የማክሰኞ?»

ጠቀለለችው፤ ቅርጫቷን ራሷ ተሸክማ ወረደች።

አራት እሑድ ጠበቅኳት። አልመጣችም። በአምስተኛው ቤቷ ሄድኩ። አባቷ ዶን ታውሪኖ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እኔ የምሠራው ሁሉ ውሸት ነው» አለኝ። «ያ ያሳየችህ አንዱ ግን እውነት ነው። አያቴ ሲያርስ ያገኘው ነው። ከዘሩ ጋር ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለባዕድ አይታይም። ላሳየው ብላ ስትለምነኝ ከረመች። ‹አንድ ቀን እንኳ እንዳልዋሸሁት ይወቅ› አለች። አንተ ሳቅክ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ዶን ታውሪኖ፣ እርስዎ ከፈቀዱልኝ እኔ ልጅዎን...»

«ለእኔ አትንገረኝ። ሽማግሌ ላክ።»

የዚያ መንደር ወግ ይኼ ነው፦ ሦስት እሑድ ይጠየቃል፤ የሚናገረው ሽማግሌው ብቻ ነው። ጠያቂው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አንድ ቃል ከተነፈሰ ጥያቄው ፈረሰ፤ ሁለተኛ አይጠየቅም።

ዶን ክሪሶፎሮ የሚባሉ ሽማግሌ ለመንኩ። በመንገድ ላይ «ምላስህን ንከሳት» አሉኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ዳቦና ተፈልቶ የሚጠጣ ቸኮላት ይዘን ሄድን። ቸኮላቱን ሳይነኩት መለሱን። በሁለተኛው ዶን ታውሪኖ መጠየቅ ጀመረ።

«ምን ይማራል ይኼ ልጅ?»

«መከራከር» አሉ ሽማግሌው።

«እሱንማ ሳይማርም ያውቃል።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከንፈሬን ነከስኩ። ኤውላሊያ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች፤ ፊቷ አይነበብም።

በሦስተኛው እሑድ ዶን ታውሪኖ ያን የሸክላ ሰውዬ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ አፍንጫዬ ሥር አስቀመጠው።

«የከተማ ሰዎች ይኼ የመንግሥት ነው ይላሉ። አያቴ ያገኘውን! እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ጠየቀና እኔን አየኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቆሜ በዚሁ ጉዳይ ስንቱን አፉን አስይዣለሁ! ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ቀና ስል ኤውላሊያን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጣቶቿ የሻርፗን ጫፍ ጨብጠዋል። እንደምናገር እርግጠኛ ነበረች።

ዋጥኩት። ሽማግሌው ሳል ሳል አሉና «እኛ የመጣነው ስለ ልጅቷ ነው እንጂ ስለ ሸክላ አይደለም» አሉ።



«አባባ፣ ይብቃው» አለች ኤውላሊያ። «ቲማቲም መሰለ እኮ።»

ዶን ታውሪኖ የቸኮላቱን ስኒ አነሳ። ጠጣ። ተፈቀደ ማለት ነው።

«በል አሁን ተናገር» አለኝ። «ልትፈነዳ ነው።»

ሁሉም ጠበቀኝ። አንቀጹ ጠፍቶኛል። እሷን ብቻ እያየሁ፣ በዕድሜዬ ለማንም ብዬው የማላውቀውን አልኩ።

«ይቅርታ።»

«ለየቱ?»

«ለሁሉም...»

ይኸው ከተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። ያ የሸክላ ሰውዬ የማን እንደሆነ አሁንም እንከራከራለን፤ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም አላሸነፍኳትም። የዚያን ቀን ግን ከጠረጴዛው ዞራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁሉም እያየ እጄን ከጉልበቴ ላይ አንስታ ያዘችው።