በበረዶ ሜዳው የሞተው ገማች

የፖሊስ ኮሚሳሯ ሊዋም፣ ሪደርቫልድ ከተባለው ሰፈር አጠገብ ወዳለው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ስትገባ፣ የአቶ አንገሶም ሬሳ በተመልካቾች ደረጃ ግርጌ ተጋድሟል። አጠገቡ ሁለት ሰዎች በዋጋ ይከራከራሉ።

«ፍሎሪያን የአሚርን ሦስት እጥፍ ያወጣል!» ይላል የፍሎሪያን ወኪል ሚኪ።

«አሚር ወጣት ነው፤ ገና ያድጋል» ይላል የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሳልሕ።

የከብት ደላላ እንኳ ሬሳ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አለች ሊዋም በልቧ። ክለቡ ከሁለቱ አጥቂዎች የሚያስፈርመው አንዱን ነው፤ ለውሉ የሚመጥነውን እንዲለይ የተቀጠሩት ሟቹ ነበሩ።

«አዳልጦት ነው» አለ ሚኪ።

ሊዋም ጎንበስ አለች። መነፅራቸው በማሰሪያው ተይዞ ዓይናቸው ላይ ቀርቷል።

ልምምድ ላይ የነበረው አሚር እንባውን እየጠረገ፣ «የማንበቢያ ነው» አላት። «ጋሽ አንገሶም በሱ እግራቸውን እንኳ አያዩም። ሲራመዱ ያወልቁታል።»

ሳልሕን ለብቻው ጠየቀችው።

«ትናንት ለሁላችንም ‹ፍሎሪያን ይሻላል› ብሎን ነበር። ዛሬ ጠዋት ደውሎ፣ ‹ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስትመጣ በቪዲዮ አሳይሃለሁ› አለኝ። ቴርሚን፣ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ስደርስ ሞቷል።»

ሚኪ ተራው ሲደርስ ትከሻውን ሰበቀ። «ከትናንት ወዲህ አላየሁትም። ግን ሽማግሌው ተሳስቷል! ፍሎሪያን የሚያገባው ተጋጣሚው በቅጣት ሰው ሲጎድልበት ብቻ ነው ተብሎ ዋጋው ይጣላል?»

ሊዋም ሦስቱንም ሰበሰበች።

«በማንበቢያ መነፅር ደረጃ የሚወርድ የለም። አቶ አንገሶም ከላይ ቆመው ለአንድ ሰው ቪዲዮ ያሳዩ ነበር፤ ያም ሰው ገፈተራቸው። አሚር ሜዳ ላይ ነበር፤ ጓደኞቹ አይተውታል። አቶ ሳልሕ፣ ሐሳባቸውን የቀየሩበትን ምክንያት ያውቃሉ?»

«አልነገረኝም አልኩሽ እኮ።»

«አንተ ግን ነገርከኝ፣ ሚኪ። ከትናንት ወዲህ ካላየሃቸው ከማን ሰማህ?»

የሚኪ ፊት አመድ መሰለ። «ውሉ ሊያመልጠኝ ነበር» አለ። «ለምኜው ነበር... ሳቀብኝ።»

«ለዚህ ብለህ!» አለች ሊዋም፤ ሊተፋ እንደተዘጋጀ ሰው አፏን አጣማ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሳልሕ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ፍሎሪያን ያለ ወኪል ከቀረ... ረከስ ይል ይሆን?»

 አሚር ማሊያውን አውልቆ እግሩ ሥር ጣለለትና ወጣ።