ቀበቶ ተቀይሯል

ሹፌሩ አሻግሬ ሳሪስ አቦ አጠገብ ከቆመ ተሳቢ ጋር ተጋጭቶ በሞተ ማግስት፣ ልጁ ማህሌት በጠዋት ኢንስፔክተር ሰኪና ፊት ቆማ ነበር። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የንስሐ አባታቸው አባ ዘአማኑኤል ግን ጸሎተ ፍትሐት አልፈቅድም ብለዋል፤ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለማ። ወሬውን ማን እንደጀመረው ማህሌት አታውቅም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ዱባይ እሄዳለሁ ብዬው፣ ከእኔ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው» አለች። «ሁለተኛ ፊትህን አልይ አልኩት። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ግን አባቴ እንደ ውሻ አይቀበርብኝ።»

ሰኪና የምታውቀው ነገር ሲገጥማት ዝም፣ የማታውቀው ሲገጥማት ደግሞ ይብስ ዝም የምትል ሴት ናት። ተነስታ ሆስፒታል ሄደች። አስከሬኑ ላይ ከግራ ትከሻ እስከ ቀኝ ዳሌ የወረደ ጥቁር ሰንበር አየች፤ ሐኪሙንም አንድ ነገር ጠየቀች። ከዚያ አሻግሬ ወደሚሠራበት ድርጅት አመራች።

መኪናው ፊቱ ተጨፍልቆ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የሹፌሩ ቀበቶ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። የስምሪት ኃላፊው አቶ ፍቅርተማርያም ክራባታቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ቀበቶ ሳያስር ሆን ብሎ ነው የገባበት» አሉ። «ያሳዝናል።»

«ቀበቶው ደህና ነበር?»

«ባለፈው ወር ተቀይሯል። ይኸው ፋይሉ።»

«አስመጪው ጉድለት አለ ብሎ መኪናዎቹ እንዲመለሱ ጥሪ አድርጎ ነው?»

«ኧረ የምን ጥሪ? እንዲሁ ለጥንቃቄ ነው።»

ወረቀቱ ላይ በኃላፊው እጅ «ቀበቶ ይቀየር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የመካኒኩ የሀይረዲን ፊርማና «ተቀይሯል» የሚል ቃል አለ። ሰኪና የወረቀቱን ጥግ ትንሽ ቆይታ አየችና ሀይረዲንን አስጠራች።

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

«አዎ፣ በገዛ እጄ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ሀይረዲን ወደ ሹፌሩ ወንበር አልሄደም። ወደ ፊት ዞሮ የተጣመመውን ኮፈን በብረት ፈልቅቆ ከፈተ።

ሰባት ሰዓት ላይ ማህሌት፣ አባ ዘአማኑኤል፣ ኃላፊውና መካኒኩ መኪናው አጠገብ ተሰበሰቡ።

«መጀመሪያ ሰንበሩ» አለች ሰኪና። «ቀበቶ ያላሰረ ሰው እንዲያ ያለ ሰንበር አይወጣበትም። አሻግሬ አስሮ ነበር። ሊሞት የወጣ ሰው ደግሞ ቀበቶ አያስርም።»

«ታዲያ እንዴት ተፈትቶ ተገኘ?» አሉ አባ።

ሰኪና ቀበቶውን ቆለፈችው፤ ቀጭ አለ። ቁልፉን ሳትነካ በአንድ እጇ ብትስበው ወጣ። «መቆለፊያው አይዝም፤ በግጭቱም ጊዜ ሰንበሩን አትሞ ለቀቀው። አስመጪውን ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ይህን አውቆ ቀበቶው እንዲቀየር መኪናዎቹን ጠርቷል።»

«ተቀይሯል ተባለ እኮ» አለች ማህሌት።

«የተቀየረው የሞተሩ ቀበቶ ነው። ሀይረዲን፣ እሱን ጋራዥ ውስጥ ምን ትሉታላችሁ?»

«ቺንጋ። እሳቸው ግን ሲጽፉ ሁልጊዜ ቀበቶ ነው የሚሉት። ባለፈውም ቀበቶ ብለው ጽፈው የፈለጉት ቺንጋ ነበር። እኔ ምኑን አውቄ...»

«አንተ ተሳስተሃል። አቶ ፍቅርተማርያም፣ እርስዎ ግን ጥሪ አልመጣም አሉኝ። የጥሪው ቁጥር እዚህ ጥግ ላይ በራስዎ እጅ ተጽፏል። ከአደጋው በኋላ መቆለፊያው አሮጌው መሆኑን ሲያዩ ነገሩ ገባዎት፤ አስመጪው የላከውን የጥሪ ደብዳቤ ደበቁ። አባ፣ ራሱን አጠፋ ብሎ የነገረዎት ማን ነው?»

አባ ወደ ኃላፊው አዩ። «እሱ ነው። እያለቀሰ ነገረኝ።»

ፍቅርተማርያም (ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ አልለውም) አንገቱን ደፋ። «ልጆች አሉኝ። መታሰር ፈራሁ» አለ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ አባ። «ፍትሐቱ ይደረጋል።»

ማህሌት አላመሰገነችም። «ኢንስፔክተር፣ ቀበቶው ቢይዘው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሙ መልሱን ጠዋት ለሰኪና ነግሯት ነበር። መዋሸት ትችል ነበር።

«ይተርፍ ነበር።»

ማህሌት መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አባ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ፤ አስከሬኑን ለመቀበል የሚሄዱበት ሰዓት ደርሷል።