በተጋደመው ቡድሃ እግር ሥር

ሩሐማ ሞላልኝ የምትቆጥረው በአማርኛ ነው። ዳላስ አጠገብ ባለችው ካሮልተን ያደገች፣ ሕልሟን እንኳ በእንግሊዝኛ የምታልም ልጅ ናት። ነገር ግን በላቦራቶሪ ሥራዋ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የደም ሴል ስትቆጥር፣ የባልደረቦቿ ወሬ ቁጥሩን እንዳያጠፋባት አባቷ በልጅነቷ ያስተማራትን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትይዛለች። በፈረንጆቹ 2009 በጥር ወር ለዕረፍት ባንኮክ ስትሄድም ይህ ልማዷ አብሯት ሄደ።

ዋት ፖ በሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ አንድ ቡድሃ በጎኑ ተጋድሟል። ርዝመቱ አርባ ስድስት ሜትር ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ በወርቅ ተለብጧል። ሩሐማ በምሰሶዎቹ መካከል ቀስ እያለች ብትሄድም ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማየት አልቻለችም። ትከሻው ብቅ ሲል ፊቱ ይሸሸጋል፤ ጉልበቱ ሲመጣ ትከሻው ይጠፋል። እግሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። ከእሷ ቁመት እጥፍ የሚጠጋው ጥቁር የውስጥ እግር በሚያብረቀርቅ ዛጎል በተሠሩ ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሏል። አንድ መቶ ስምንት ናቸው ይላል የያዘችው መጽሐፍ። እሷ ደግሞ ራሷ ያልቆጠረችውን ቁጥር አትቀበልም።

«መቶ አምስት፣ መቶ ስድስት፣ መቶ ሰባት» አለች በሹክሹክታ። ሥዕሉ አለቀባት።

«ዝሆኑን ዘለልሽው» አለ አንድ የወንድ ድምፅ ከኋላዋ፣ በአማርኛ።

ዞር አለች። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ በካልሲው የቆመ ልጅ ነው።

«የትኛው ረድፍ ላይ?»

«ማለቴ፣ አላውቅም። መቶ ሰባት ስትዪ ጊዜ አንድ ነገር መዝለልሽ አይቀርም ብዬ ነው።»

«ሶ፣ ዋሸኸኝ።»

«ዝሆን ግን መኖር አለበት። ታይላንድ ነው ያለነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ልጁ እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መቶ ስምንት ሆነ፤ ዝሆንም ተገኘ። ስትቆጥር ዝም ብሎ የጠበቃት ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሟት አያውቅም።

ኢዛና ይባላል። የስልክ ኔትወርክ መሐንዲስ ነው፤ ለሥራ ተልኮ መጥቶ ሥራው ሲያልቅ አንድ ሳምንት ዕረፍት ጨምሮበታል።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከቴክሳስ። አዲሰን የምትባል ትንሽ ቦታ።»

«አዲሰን የት?»

«ቤልት ላይን መንገድ ላይ። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ከሥራ ቦታዬ ሁለት የትራፊክ መብራት ነው» አለች። የዓለምን ግማሽ ዞረው፣ ሁለት መብራት የሚያህል መንገድ መሻገራቸው ነበር።

በማግስቱ ቤተ መንግሥቱን አብረው አዩ። የጣሪያዎቹ ጫፍ እንደ ወፍ አንገት ወደ ሰማይ ተቆልምሟል። ግድግዳው ከጥፍር በማይበልጡ የብርጭቆ ቁራጮች ተሸፍኖ፣ ፀሐይ በተንቀሳቀሰች ቁጥር መልኩን ይለውጣል። ሩሐማ ተጠግታ አየችው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ በእጅ የተለጠፈች ናት። ይህን የሠራው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ስለ ውሎው ምን ብሎ ያወራ ይሆን ብላ አሰበች።

አባቷ ሲሸኛት «እዪ። ስገጂ ግን አላልኩሽም» ብሏት ነበር። አልሰገደችም። ይሁን እንጂ በግቢው ቤተ መቅደስ ያ ሁሉ ሕዝብ በባዶ እግሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ከወርቅ መንበሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ የቡድሃ ሐውልት በጸጥታ ሲያይ፣ እሷም መሐላቸው ተቀመጠች። ኢዛና አጠገቧ ረጃጅም እግሮቹን ወደ ሐውልቱ ዘርግቷል። ጠባቂው በጣቱ ጠቆመው።

«እግርህን እጠፍ» አለችው በጆሮው። «ነውር ነው እዚህ።»

«የት ልጠፈው? ቦታ የለኝም እኮ።»

በሦስተኛው ቀን በባቡር ወደ አዩታያ ሄዱ። ከጥንቱ ከተማ ጡብ ብቻ ቀርቷል። ራስ የሌላቸው ሐውልቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ግን አሁንም የተረጋጋ ነው። አንድ ቦታ ላይ የዛፍ ሥር አንድ የድንጋይ ፊት አቅፎ ይዟል። ሥሩ ግንባሩን ዞሮ፣ ጉንጩን ደግፎ፣ ዓይኖቹን ሳይሸፍን አልፏል። ስንት መቶ ዓመት ቢያድግ ነው? ከፊቱ የሚቆም ሰው ራሱ ከሐውልቱ ራስ ከፍ እንዳይል ማጎንበስ አለበት፤ ሥርዓቱ ነው። ጎን ለጎን ቁጢጥ አሉ።

«ቤት ውስጥ አባት ሲኖር ምን ይመስላል?» አለ ኢዛና በድንገት።

ቀና ብላ አየችው። እሱ ሕፃን ሳለ አባቱ እንደሞተ፣ ሂውስተን ያሳደገችው እናቱም ካረፈች ሁለት ዓመት እንደሆናት ባቡሩ ውስጥ ነግሯታል።

«ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ይጠይቅሃል» አለችው። «ስትነግረው ደግሞ 'እዚያማ አይቻለሁ' ይልሃል።»

ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኑ ከድንጋዩ ፊት ላይ አልተነሳም። ሩሐማ እጁን ያዘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከባንኮክ ወጣ ብሎ ወዳለው የውሃ ላይ ገበያ ሄዱ። ሰፌድ የመሰለ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ጀልባቸው ውስጥ ሾርባ ያፈላሉ፣ ማንጎ ይልጣሉ፤ ጀልባ ከጀልባ እየተጋጨ አንዲት ጠብታ አይፈስም። በውሃው ዳር ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ ኢዛና ተናገረ።

«ዳላስ ስንገባ አባትሽን ማናገር እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ይላካል አይደል? ማለቴ፣ ሽማግሌ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።»

«ከኦፊስህ ሁለት ህንዶች አምጣ።»

«ሩሐማ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። እሺ ነው ያልኩህ።»

ካሮልተን ገና የዓርብ ምሽት ነበር። እዚያው ሆና አባቷን ኮል አደረገችው። አቶ ሞላልኝ እስከ መጨረሻው ሰማትና «የማን ልጅ ነው?» አለ።

«እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ትባል ነበር፤ አርፋለች። ሂውስተን ነው ያደገው። የተወለደው ግን ዳላስ ነው።»

«እሺ» አለ። «በሰላም ግቢ።»

ምን እንደበላች ሳይጠይቃት ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ያን ቀን አልጠየቃትም።

ከኢዛና ቀድማ ስትመለስ ከአየር ማረፊያ የተቀበላት አባቷ ነው። ቤታቸው በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆየ።

«በፈረንጆቹ 1982 ዳላስ ያለን ሀበሾች አንድ ሳሎን ይበቃን ነበር» አለ። «ቄስ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣልን። የአስካለማርያም ልጅ አርባ ቀኑ ሲሞላ የክርስትና አባት የሚሆን ሰው ጠፋ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሩሐማ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ሕፃን ክርስትና ያነሳ ሰው አባቱ ነው፤ ልጆቹም እህት ወንድሞቹ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይጋቡም።

«እርግጠኛ ነህ አባዬ?»

«እዚህ እጄ ላይ ነበር።» መሪውን የያዘ እጁን አየው። «ቄሱ ሞተዋል፣ እናቱም አርፋለች። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ።»

ሦስት ቀን ሥራዋን ሠራች። በሙያዋ ናሙና ውስጥ ያየችውን አላየሁም ብላ ፈርማ አታውቅም። በአራተኛው ቀን ቤልት ላይን ላይ ባለ ምግብ ቤት ለኢዛና ሁሉንም ነገረችው።

«ኦኬ» አለ። «ሶ፣ ማንም አያውቅም።»

«አባቴ ያውቃል። ዝም እላለሁ ብሏል። በሰርጋችን ቀን ዝም ይላል። ቅዳሴ ላይ ዝም ይላል። ልጆቻችን ክርስትና ሲነሱ ዝም ይላል።»

ኢዛና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እናቴ 'ዳላስ አንድ ሰው አለህ' ትለኝ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅኳትም።»

መንገዱ ላይ መኪናዎች ያልፋሉ። ሩሐማ መልሱን ጠበቀች። ዝም እንበል ቢላት እሺ የምትል መሰላት፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«ለእኛ ብሎ ይሄን ሁሉ ሊሸከም?» አለ። «እድሜውን ሙሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አይሆንም» አለ። «ግን ልየው። ሽማግሌ ሳልይዝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። አቶ ሞላልኝ ኮቱን እንደለበሰ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ጠበቀው። ኢዛና ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ አያውቅበትምና መንገድ ላይ ቀረ። አቶ ሞላልኝ በትከሻው ይዞ ቀና አደረገው።

«ክንፈ ሚካኤል» አለው።

ኢዛና ሌላ ሰው እንደተጠራ ሁሉ ወደ ኋላው ዞረ።

«አንተን ነው። የክርስትና ስምህ ነው።»

«በዚህ ስም ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።»

«እኔ እጠራሃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት በጸሎት። የት እንዳለህ አላውቅም፤ ስምህን ግን አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ኢዛና ግንባሩን ሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣለ። ሩሐማ የማስታጠቢያውን ጆግ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች ቀረች። ከአንድ ግድግዳ ማዶ እያደረች ይህን ሁሉ ዓመት ያን ጸሎት አልሰማችም። አባቷን የምታውቀው ይመስላት ነበር። አሁን ከፊቷ የቆመው ሰው ግን ዓይኗ ሊጨርሰው የማይችል ትልቅ ሰው ሆነባት።

ማዕድ ቀረበ። አቶ ሞላልኝ እንግዳ ወደ ቧንቧ አይልክም።

«ለእሱ አስቀድሚ» አላት።

ለብ ያለውን ውሃ በእጆቹ ላይ አፈሰሰች። እነዚያን ጣቶች ታውቃቸዋለች። ውሃው በመካከላቸው ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ተጠራቀመ።

«ልጨምር?» አለች ቀና ሳትል።

«ይበቃል።» ከዚያ፣ መናገር እንደሚጀምር ሕፃን ቀስ ብሎ፣ «እህቴ» አላት።

ሩሐማ ፎጣውን አቀበለችው።