እሜቴ ልብሷ አልወልቅ አላት

በሽበት ማግባት የሚያስቃችሁ ካላችሁ ሳቁ። እኔ አግብቻለሁ።

ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ከአንድ ሕንፃ ሥር ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ከኋላዋ መኝታዬ። አንድ ጠዋት ከላይ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከሰላምታ በቀር ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ያን ቀን ግን እጇን ታፍተለትላለች።

«ጌታው፣ ወረንጦዎን ይዘው አንዴ ይምጡልኝ። እሜቴ ልብሷ አልወልቅ ብሏት ተጨንቃለች!»

እሜቴ የምትላት እናቷን መሰለኝ።

«እትዬ፣ እኔ የሰው እናት ልብስ እንዴት ላወልቅ? ሴት ጎረቤት ይጥሩ እንጂ!»

«ሴቶቹ ሲያዩዋት ይጮኻሉ።»

«ለልብስስ ወረንጦ ምን ያደርጋል?»

«ጣቶቿ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከቆየ ጣቷ ይቆረጣል... ይምጡ እባክዎ!»

ነገሩ ባይገባኝም ወጣሁ። ቤቷ ስገባ አንገቴን ደፍቼ ወደ አልጋው «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» አልኩ።

አልጋው ባዶ ነው። ከጠረጴዛው ላይ፣ ከመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት እንሽላሊት አየችኝ። ቢጫ ናት፤ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለባት፤ ጅራቷ ወፍራም። ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠች።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ቁጭ እስክትል ሳቀች። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ግን ወጥቼ አልሄድኩም።

«ለልጅ ልጄ የተገዛች ናት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ስትሰለቻቸው ወደ እኔ አመጧት። ጣቶቿን ይዩልኝ።»

አየሁ። አሮጌው ቆዳ ከገላዋ ላይ ወልቋል። ጣቶቿ ላይ ግን እንደ ነጭ ክር ተጠምጥሞ ቀርቷል። አንደኛዋ ጣት አብጣለች። ወረንጦዬን ዘረጋሁ።

«አይጎትቱ!» ብላ እጄን ያዘች። «በደረቁ ከጎተቱት ከጤነኛው ቆዳ ጋር ይነሳል። መጀመሪያ ይራስ።»

ለብ ያለ ውሃ በዝርግ ሳህን አመጣች። ውሃው ከጣቶቿ አያልፍም። እንሽላሊቷን አስገባናትና ጠበቅን።

«ይህን ካወቁ ለምን ራስዎ አያወልቁላትም?»

«መርፌ ዓይኔን በላው። ቅርብ ያለውን አላይም። እርስዎ ግን የዝንብ እግር የሚያህል ብሎን ሲያነሱ በሱቅዎ መስኮት አይቻለሁ።»

«በመስኮት ያዩኛል?»

«ቅርቡን አላይም አልኩ እንጂ ዕውር ነኝ አልኩ?»

ወረንጦዬን አነሳሁ።

እሜቴን መዳፏ ላይ አድርጋ ያዘችልኝ። እኔ በረጠበ ጥጥ እያሻሸሁ፣ የላላውን በወረንጦ ጫፍ እያነሳሁ ሠራሁ። ግንባራችን ሊነካካ ደርሶ ነበር። ትንፋሿን ትውጣለች፤ እኔም የራሴን። ያበጠችው ጣት ላይ የነበረው እንደ ካልሲ ሙሉውን ወለቀ። እሜቴ ዞራ ዋጠችው።

«ምን እያደረገች ነው?»

«የገዛ ልብሷን ትበላለች። ለማንም አታወርስም።»

ከዚያ ወዲህ እሜቴ ቆዳ ልትጥል ስትነጣ ልብስ ሰፊዋ ትጠራኛለች። «ጌታው፣ እሜቴ ነጣች!» ትላለች ከደረጃው። እንሽላሊት በወር አንዴ ያህል ብትነጣ ነው። የእኛዋ ግን በየሳምንቱ ትነጣ ጀመር። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ወረንጦዬን አነሳና እወጣለሁ።

አንድ ቀን ሳትጠራኝ ወረደች። ፊቷ ጠቁሯል።

«ልጄ ወደ ቤቱ ሊወስደኝ ነው። ሠራተኛቸው ሄዳባቸዋለች።»

«እሜቴስ?»

«ሚስቱ እንሽላሊት ዳግመኛ ቤቴ አይገባም ብላለች።» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ይውሰዱልኝ።»

ያን ጊዜ የምለው ብዙ ነበር። የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«አልወስዳትም።»

«ገባኝ...» አለች። ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ቢጋጭ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሱቄ ፊት ስታልፍ ወደ ሌላ ታያለች። የመስኮቷ መጋረጃም ተዘጋ። እሜቴ ትንጣ አትንጣ የሚነግረኝ ጠፋ።

ዕቃዋን የሚጭነው መኪና መጥቶ በር ላይ ቆመ። ልጇ ካርቶን እየተሸከመ ሲወጣ ሲወርድ በመስታወት አየሁት። የያዝኩትን ሰዓት አስቀመጥኩ። ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁና ወደ ፎቅ ወጣሁ።

«ምን ፈለጉ፣ አባት?» አለኝ ልጇ።

«እሜቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«እንሽላሊቷን? ይውሰዱልን! ገላገሉን!»

«እናትህንም።»

የያዘው ካርቶን ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ፈቃዷ ከሆነ ላገባት ነው።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«በየትኛው ዕድሜ ላግባት? ያለፈውን መልስልኝና በእሱ አገባታለሁ።»

«ሰው ይስቅብዎታል እኮ!»

«እናትህም ስቃብኛለች። ይኸው አልሞትኩም።»

ልብስ ሰፊዋ የመስታወቱን ሣጥን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። እሜቴ ነጥታለች። የእውነት ነጥታለች።

«አልወስዳትም ብለው አልነበረም?» አለችኝ።

«ብቻዋን ማለቴ ነበር።»

«ብቻዋን የምትለው ቃል ታዲያ የት ቀረች?»

«ጉሮሮዬ ላይ።»

ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አየችኝ።

«አንተ ሰው! ወረንጦ እያለህ?»

አንተ አለችኝ። ከእርስዎ ወደ አንተ የመጣችበትን መንገድ ያወቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ልጇ አልሰማም። የካርቶኑ ነገር ነው ያሳሰበው።

«እማዬ፣ ዕቃው ተጭኗል!»

«ይውረዳ። ምድር ቤት፣ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ይግባ።»

«እማዬ!»

«ስማ ልጄ። የሰለቻችሁን ሁሉ ወደ እኔ ታመጣላችሁ። የተቀደደ ሱሪያችሁን፣ እንሽላሊታችሁን። እኔ ስሰለቻችሁ ለማን ልትሰጡኝ ነው? ሳትደክሙ ራሴ ሄድኩላችሁ።»

«እኔ የለሁበትም!»

«አትኑርበት። ግን የስፌት መኪናዬን ያዝልኝ፤ ለእኛ ይከብደናል።»

እያጉረመረመ ተሸክሞ አወረደው። እውነቱን ልናገር፣ ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከሠርጋችን ቀረ። ቆይቶ ግን ሱሪ ይዞ መጣ። «ራስህ ስፋው» ብላ መርፌና ክር ሰጠችው። እዚያው ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን እየወጋ ሰፋ።

አሁን ከሱቄ መስኮት በአንድ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ በሌላው የእኔ ሰዓቶች፣ መሐል ላይ የእሜቴ ሣጥን አለ። መንገደኛ ይቆማል፤ ያየናል፤ ይጠቃቀሳል። ዛሬ ጠዋትም ቆመው ነበር። እሜቴ መዳፏ ላይ ናት፤ ወረንጦው እጄ ላይ። ግንባራችን ተነካክቷል።

«ልጎትት?»

«ቆይ አንተ፣ ይራስ።»

አንዱ ከውጭ፣ «እነዚህ ሽማግሌዎች አያፍሩም?» ሲል ሰማን።

«መጋረጃውን ልዝጋው?» አልኳት።

«ተወው። ደህና አድርገው ይዩን።»

እሜቴም በፊታቸው ልብሷን አወለቀች፤ ያለ ምንም ሐፍረትም በላችው።