የአሥራ አንዱ ቤቶች መጽሐፍ

ንጉሥ ኦርዳን በገሊዛር ላይ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በጽጌ ወር መባቻ፣ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የቆሙት የሳሙን አበቦች ነፋስ ሳይነካቸው በአንድ ጀምበር ተሰብረው ወደቁ። አገዳቸው ውስጡ ተቦርቡሮ ባዶ ሆኗል። ከየአበባው ላይም ጀርባቸው የጎበጠ፣ ጭራቸው እንደ ወስፌ የሾለ ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎች እየተገለባበጡ እንደ ዝናብ ረገፉ። ያየ ሁሉ አለቀሰ፤ የገሊዛር ሰው ከሳሙን ፍሬ በቀር የሚፈጨው እህል አልነበረውምና።

የጥንት ሊቃውንት እነዚህን ተገልባጮች በአሥራ አንድ ቤት ከፍለው፣ የየቤቱን ስምና ሕግ በአንድ መጽሐፍ ጽፈው ነበር። አንዱ በበሰበሰ ግንድ፣ አንዱ በደረቀ እሾህ፣ አንዱ በረግረግ ሸምበቆ ውስጥ እንዲራባ ታዝዟል። በየዓመቱ ስማቸው በማሳው ላይ ሲነበብ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ያን መጽሐፍ ጠንቋዩ ጎምራድ ሰርቆ ወደ አመድ ግንብ ወሰደው፤ ገሊዛር ተርባ እንድትሰግድለት ፈልጎ። ስማቸውን ያጡት ጥንዚዛዎችም ቤታቸውን ረሱና ሁሉም ሕያው አገዳ መብላት ጀመሩ።

የመጽሐፉ ጠባቂ የነበሩት አዛውንቱ ሊቅ ሐዚብ በንጉሡ ፊት ተደፍተው እንዲህ አሉ፦ «ጃንሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተኝቼ ተሰረቅሁ። እሄዳለሁ። ዓይኔ ግን ፈዟል፤ የየቤቱ ምልክት ያለበትን የጥንዚዛ እግር ከጥንዚዛ እግር መለየት አልችልም።»

ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ሚርዛት የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት ወደ ፊት ወጣች። «የኔታ፣ ዓይን ከእኔ ይሁን» አለች። ከዚያም እጇን በንጉሡ ጋሻ ላይ አኑራ ማለች፦ «መጽሐፉን ሳልመልስ ብመለስ የገሊዛር ምድር አትቀበለኝ፤ ስሜም በሰው አፍ አይጠራ!»

እጮኛዋ በልቃድ፣ ከንጉሡ ዘበኞች አንዱ፣ ጦሩን አንሥቶ ከጎኗ ቆመ። ሠርጋቸው ለመኸር ተቆርጦ ነበር።

ሦስቱም ከአሥራ አንዱ ቤት አንድ አንድ ጥንዚዛ በቀንድ ዕቃ ይዘው ወጡ፤ መጽሐፉ ሲገኝ ጎምራድ አበላሽቶት እንደሆነ የሚመረምሩበት ነው። የአሥራ ስድስት ቀን መንገድ ሄዱ። ባለፉበት አገር ሁሉ ሰው ሥር እየማሰ ይበላል። በአንድ መንደር ነዋሪዎቹ ደወል የሚደውል ሰው አጥተው ሙታኑን በዝምታ ሲቀብሩ አገኟቸው። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ስለ ድል ማውራት ተዉ።

ግንቡ ጋ የደረሱት በቀትር ነው። ጎምራድ ከላይ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ከፊቱ እሳት ይነዳል።

«ዘገያችሁ!» ብሎ ሳቀ። «መጽሐፋችሁ ይኸው፤ ሙቁት!»

በልቃድ ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ ጠንቋዩን በጦር ወጋው፤ ሚርዛትና ሐዚብም ተከትለው ወጡ። ጎምራድ ሲወድቅ በጣቱ መሬቱን ጫረ፤ ከግንቡ ሥር ካሉት ቋጥኞችም የድንጋይ ጅቦች ተነሥተው ወደ ደረጃው ይጎርፉ ጀመር።

«አለቀልን» አለች ሚርዛት።

ሐዚብ ወደ አመዱ ዳኹ። «አላለቀም፤ ባለቀ ይሻል ነበር። አመዱ ሳይበርድ በዚያው አመድ ከተጻፈ ስሞቹ ይመለሳሉ፤ የጎምራድም አስማት ይፈርሳል። ስሞቹን እኔ በቃሌ አውቃለሁ፤ የየቤቱን ምልክት ግን አይቶ የሚጽፍ ዓይን ያስፈልጋል። ልጄ ሆይ፣ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፍት ሁሉ ታውረው ነው የሞቱት። በየቤቱ የዓይንሽ ብርሃን ይቀንሳል፤ በአሥራ አንደኛው ያልቃል።»

ሚርዛት በልቃድን አየችው። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ደረጃው መለሰ። «ጻፊ» አላት። «እኔ ደረጃውን እይዛለሁ።»

ሐዚብ አመዱን በስንቅ ውኃቸው በጥብጠው ከከረጢታቸው ያወጡትን ባዶ ብራና ዘረጉላት። የመጀመሪያውን ጥንዚዛ አወጣች፤ በመዳፏ ላይ ተገለባበጠ። በጣቷ ይዛ የኋላ እግሩን አየች።

«በቅልጥሙ ስንት ሰያፍ ሰረዝ አለ?» አሉ ሐዚብ።

«አንድም የለም፤ ጫፉ ላይ ብቻ አጭር ጭረት።»

«ቤተ ግንድ ነው። ጻፊ።»

ጻፈች። የሩቁ ተራራ ከዓይኗ ጠፋ። በሦስተኛው ሰማዩ፣ በስድስተኛው የሐዚብ ፊት ጠፋ። ከኋላዋ ጦር በድንጋይ ላይ ይጮሃል። በዘጠነኛው የጦሩ ድምፅ ቆመ፤ በልቃድ በጩቤ ብቻ ቀረ። አሥረኛው ሲጻፍ ከጣቷ ጫፍ በቀር የምታየው አልነበራትም።

አሥራ አንደኛውን ይዛ ሳለ በልቃድ ጠራት።

«ሚርዛት!»

የቀረላት የአንድ እይታ ብርሃን ነው። ወደ እርሱ ብትዞር ታየው ነበር። ጥንዚዛው በጣቶቿ መካከል ይወራጫል።

«ሚርዛት...»

አልዞረችም። አጎነበሰች። «ሦስት» አለች። «ሦስት ሰረዝ።»

«ቤተ ሸምበቆ» አሉ ሐዚብ እያለቀሱ። ጻፈች፤ ጨለመም። በዚያችው ቅጽበት የድንጋይ ጅቦቹ ደርቀው ቆሙ። በደረጃው ላይ ግን የሚተነፍስ አልነበረም። ሚርዛት በዳሰሳ ወርዳ ፊቱን አገኘችው፤ ከደም በቀር በእጇ የለየችው ነገር አልነበረም።

ወደ ገሊዛር በተመለሱ ጊዜ መጽሐፉ በማሳው ላይ ተነበበ። ተገልባጮቹ እንደ ጥቁር ጭስ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ከሥር የቀረው ሳሙንም አቆጠቆጠ። ንጉሡ ሚርዛትን ሊቀ ሊቃውንት ብለው ሾሟት፤ ሕዝቡም ስሟን እየጠራ በየአደባባዩ ጨፈረ። እርሷ ከቤት አልወጣችም።

መኸር በገባ በሰባተኛው ቀን የበልቃድ እናት እመት ሱልቤ መጡና ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ልጄ ሲሞት አብረሽው ነበርሽ አሉኝ» አሉ። «ሌላ አልጠይቅሽም። በመጨረሻ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ሚርዛት ብዙ ልትዋሽ ትችል ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር ልትል ትችል ነበር።

«አላየሁትም፣ እማማ» አለች። «ሁለት ጊዜ ጠራኝ። የጥንዚዛ እግር እያየሁ ነበር።»

ከውጭ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ አገሩ እየፈጨ ነው። እመት ሱልቤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ሚርዛትም እርምጃቸው በደጁ ጠጠር ላይ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ አዳመጠች።